አስተርጓሚ በፖሊስ ምርመራ
የፖሊስ ምርመራ በጥያቄና መልስ ተጀምሮ በጽሑፍ ቃል የሚያልቅ የቋንቋ ሥራ በመሆኑ፣ መርማሪና ተጠርጣሪ በማይግባቡበት ቦታ የጉዳዩ አቅጣጫ በአብዛኛው በአስተርጓሚው እጅ ይወድቃል። በ1993 ዓ.ም. በሕዝበ ውሳኔ የጸደቀው የሶማሌላንድ ሕገ መንግሥት ሶማልኛን የመንግሥት ቋንቋ፣ ዐረብኛን ሁለተኛ ቋንቋ አድርጓል፤ በሐርጌሳ፣ ኮድቡርን በመሳሰሉ ሰፈሮች ለሥራ የሚኖር አማርኛ ተናጋሪ ቢጠረጠር ግን፣ ከገበያ የለቀመው ሶማልኛ ዋጋ ለመከራከር እንጂ ቃል ለመስጠት አይበቃውም።

ችግሩ የቃላት ማነስ ብቻ አይደለም። ተጠርጣሪው ስለ ባልንጀራው ሲናገር «‹ማታ እንሄዳለን› አለኝ» ቢል፣ እርሱ ራሱ ከሂያጆቹ መቆጠር አለመቆጠሩን የአማርኛው ግስ አይለይም። ሶማልኛ በአንጻሩ አድማጩን የሚጨምረውን «ኢናጋ» አድማጩን ከሚያስቀረው «አናጋ» ስለሚለይ፣ ንግግሩን እንዳለ የሚያደርስ አስተርጓሚ አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል፤ በመጀመሪያው ተጠርጣሪው የዕቅዱ ተካፋይ፣ በሁለተኛው ወሬ ሰሚ ይሆናል። ብቁ አስተርጓሚ በዚህ ጊዜ በግምት አያልፍም፤ አባባሉ ሁለት ፍቺ እንዳለው ለመርማሪው ነግሮ «‹እንሄዳለን› ያለው እነማንን ነው?» ተብሎ እንዲጠየቅ ያደርጋል።

የጥያቄው አቀራረብም እንዲሁ ይዛባል። «ምን ሆነ?» የሚለው ክፍት ጥያቄ ተጠርጣሪው በራሱ ቅደም ተከተል እንዲተርክ ሲፈቅድ፣ «ስልኩን የወሰድከው ከመኪናው ነው ከሱቁ?» የሚለው ግን መውሰዱን እንደ ታመነ ቆጥሮ ቦታውን ብቻ ያስመርጣል። በእንግሊዝ ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ወዲህ የሚሠራበት የምርመራ ሥልት የመጀመሪያውን ዓይነት የሚያስቀድመው፣ ጫና የበዛበት ጥያቄ የሐሰት የእምነት ቃል እንደሚያስከትል በመታየቱ ነው። ሆኖም ክፍቱን ጥያቄ ለማሳጠር ሲል ወደ ሁለተኛው የሚለውጥ አስተርጓሚ የመርማሪውን ጥንቃቄ ከንቱ ያደርገዋል።

በድንበሩ ማዶ የ1954 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 27፣ ተጠርጣሪው ቃሉ የሚመዘገብበትን ቋንቋ በሚገባ የማያውቅ ከሆነ ብቁ አስተርጓሚ እንዲሰጠውና አስተርጓሚውም የጥያቄዎቹንም የመልሶቹንም ትክክለኛነት እንዲያረጋግጥ ያዛል። ጥያቄዎቹ አብረው መጠቀሳቸው አስተዋይነት ነው፤ መልስ ያለ ጥያቄው ሊመዘን አይችልምና። አንቀጽ 31 ደግሞ ፖሊስ በማባበያ፣ በማስፈራሪያም ሆነ በተስፋ ቃል እንዳያናግር ይከለክላል። ወደ ሐርጌሳው ተጠርጣሪ ስንመለስ፣ አስተርጓሚ ሆኖ የተጠራ የአገር ልጅ በደግነት «ወንድሜ፣ እመንና ይለቁሃል» ብሎ ከራሱ ቢጨምር፣ መርማሪው ያልሰጠው ተስፋ ለተጠርጣሪው የፖሊስ ቃል መስሎ ይደርሰዋል፤ በሶማልኛ በሚጻፈው መዝገብ ላይም አይገኝም።