ኮምፒዩተር ሲወድቅ የሚያነሣው መሣሪያ

ጅቡቲ ቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ በሚገናኙበት አካባቢ የምትገኝ የወደብ ከተማ ናት። የምድር ባቡሩ ሐዲድ አዲስ አበባ ከደረሰበት ከ1909 ዓ.ም. ወዲህ ከኢትዮጵያ ጋር ያላት የንግድ ግንኙነት እጅግ የጠበቀ ሆኗል። ዛሬም ከውጭ አገር በባሕር ከሚመጣው የኢትዮጵያ ዕቃ አብዛኛው የሚራገፈው በዚሁ ወደብ ነው። ማዳበሪያው፣ ስንዴው፣ መድኃኒቱና የፋብሪካው መለዋወጫ ከመርከብ ከወረደ በኋላ በከባድ መኪና በጋላፊ በኩል፣ ወይም በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት በጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር ወደ መሐል አገር ይጓዛል።

ቀድሞ የእያንዳንዱ ጭነት ዝርዝር በወፍራም መዝገብ ላይ በእጅ ይጻፍ ነበር። ዛሬ ግን የኮንቴይነሩ ቁጥር፣ የባለቤቱ ስም፣ ዕቃው የተቀመጠበት ስፍራና የጉምሩኩ ዲክላራሲዮን ሁሉ የሚያዙት በኮምፒዩተር ነው። በዚህም ምክንያት ሥራው ቀልጥፏል፤ ነገር ግን አዲስ ሥጋት አብሮ መጥቷል። ዕቃው በዓይን እየታየ ሰነዱ ካልተገኘ ከቆመበት ሊንቀሳቀስ አይችልም።

ለምሳሌ ያህል በጅቡቲ የሚሠራ አንድ የትራንዚት ጽሕፈት ቤት ይታሰብ። ወሩ ግንቦት ነው። ክረምቱ ተቃርቧል፤ ገበሬው ማዳበሪያ ይጠብቃል። የጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ ማለዳ ኮምፒዩተሩን ሲከፍት መስኮቱ ይጠቁራል፤ የተለመደው ሥዕል አይመጣም። በወደቡ ላይ መኪኖች ተሰልፈው ይጠብቃሉ። በዚህ ጊዜ ሠራተኛው በመሳቢያው ውስጥ የማስነሻ ፍላሽ ካለው ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ሥራውን ሊቀጥል ይችላል። ከሌለው ግን ባለሙያ ፍለጋ ቀናት ያልፋሉ፤ የወደቡ የማቆያ ኪራይም በየቀኑ ይጨምራል።

የማስነሻ ፍላሽ ምን እንደሆነ ለመረዳት በመጀመሪያ ኮምፒዩተር እንዴት እንደሚነሣ ማወቅ ያስፈልጋል። ቁልፉ ሲጫን በቅድሚያ የሚነቃው በዋናው የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ላይ የተቀመጠ አነስተኛ ፕሮግራም ነው። ይህም በቀድሞው አጠራር ባዮስ፣ በአዲሱ ደግሞ ዩኢኤፍአይ ይባላል። ተግባሩ የማሽኑን ክፍሎች መመርመርና እንደ ዊንዶውስ ወይም ሊኑክስ ያለውን ዋናውን የአሠራር ሥርዓት ከዲስኩ ላይ ፈልጎ ማስጀመር ነው። የአሠራር ሥርዓቱ በቫይረስ፣ በመብራት ድንገተኛ መቋረጥ ወይም በዲስክ ብልሽት ከተጎዳ ባዮሱ የሚያስጀምረው ነገር ያጣል። ሰነዶቹ በዲስኩ ላይ እንዳሉ ቢሆኑም እንኳ ወደ እነርሱ የሚያደርሰው በር ይዘጋል።

የማስነሻ ፍላሽ እንግዲህ ከውጭ ሆኖ ይህን በር የሚከፍት መሣሪያ ነው። በውስጡ አነስተኛ የአሠራር ሥርዓትና የመጠገኛ ፕሮግራሞች አሉት። ኮምፒዩተሩ ከታመመው ዲስክ ሳይሆን ከፍላሹ ሲነሣ በዲስኩ ላይ ያለው ቫይረስ ሥራ ሳይጀምር ይቀራል፤ በዚህም ጊዜ ሰነዶችን ወደ ሌላ ማከማቻ ማሸሽ ወይም ሥርዓቱን መጠገን ይቻላል።

አዘገጃጀቱ አስቸጋሪ አይደለም። አንደኛ፣ ጤነኛ ኮምፒዩተርና ቢያንስ 16 ጊጋባይት የሚይዝ ፍላሽ ያስፈልጋል። ዝግጅቱ በፍላሹ ላይ ያለውን ሁሉ ስለሚደመስስ ጠቃሚ ነገር እንዳይኖርበት መጠንቀቅ ይገባል። ሁለተኛ፣ በዊንዶውስ ውስጥ ሪከቨሪ ድራይቭ የተባለው ፕሮግራም ተከፍቶ የሥርዓቱ ፋይሎች አብረው እንዲገለበጡ ይታዘዛል፤ ሥራው ረጅም ጊዜ ሊወስድ ስለሚችል እስኪፈጸም በትዕግሥት መጠበቅ ነው። ሦስተኛ፣ ፍላሹ መፈተን አለበት። ኮምፒዩተሩ ፍላሹ እንደተሰካ ተዘግቶ ሲከፈት እንደ ፋብሪካው ዓይነት ኤፍ 12፣ ኤፍ 9 ወይም ሌላ ቁልፍ ይጫናል፤ ከሚቀርበው ዝርዝር ፍላሹ ይመረጣል። የመጠገኛው ገጽ ከታየ ምንም ሳይነኩ መውጣት ይበቃል። አራተኛ፣ የተዘጋጀበት ቀን ተጽፎበት ከሙቀትና ከእርጥበት በተጠበቀ ስፍራ ይቀመጣል። ይህ የመጨረሻው ነገር በተለይ ለጅቡቲ ይስማማል፤ በሞቃታማዎቹ ወራት ሙቀቷ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይወጣልና፤ የባሕሩም ጨዋማ አየር ለኤሌክትሮኒክ ዕቃ አይመችም።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም። የማስነሻ ፍላሹ ኮምፒዩተሩን ያነሣል እንጂ የጠፉ ሰነዶችን አይወልድም። ዲስኩ ራሱ ከተቃጠለ ወይም ሰነዶቹ ከተደመሰሱ የሚያድነው ቀደም ብሎ በሌላ ዲስክ ላይ የተገለበጠ የመጠባበቂያ ቅጂ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለቱ የማይነጣጠሉ ናቸው፤ ቅጂው እህሉ ነው፣ ፍላሹም የጎተራው ቁልፍ ነው። ባለሙያዎች ስለ ቅጂ የሚመክሩት ደንብ አጭር ነው፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማከማቻ፣ አንዱ ከቢሮው ውጭ።

የዚህን ደንብ ዋጋ የመርከብ ንግድ ራሱ በከባድ ኪሣራ ተምሮታል። ሰኔ 20 ቀን 2009 ዓ.ም. ኖትፔትያ የተባለ አጥፊ ፕሮግራም ከዩክሬን ተነሥቶ በብዙ አገሮች ሲዛመት የዴንማርኩን ታላቅ የመርከብ ድርጅት ሜርስክን ክፉኛ መታው። የድርጅቱ ወደቦች በሮቻቸውን ዘጉ፤ የጭነት መኪኖችም ተሰለፉ። የሠራተኞችን ማንነትና ፈቃድ የሚቆጣጠሩት ማዕከላዊ ሰርቨሮች ሁሉም እርስ በርስ የተያያዙ ስለነበሩ አንዱ የሌላው ቅጂ ሆኖ ሳለ በአንድ ጊዜ ጠፉ። የተረፈው አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም በጋና የሚገኘው ሲሆን፣ ከጥቃቱ በፊት መብራት ጠፍቶ ከመረቡ ስለተለየ ነበር የዳነው። መረጃውም በዲስክ ተይዞ በሰው እጅ፣ በአውሮፕላን ወደ እንግሊዝ አገር ተጓጓዘ። ድርጅቱ 4,000 ሰርቨሮችንና 45,000 ኮምፒዩተሮችን በ10 ቀን ውስጥ እንደ አዲስ አዋቀረ፤ ኪሣራውንም ከ250 እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር ገመተው። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፣ ዘወትር ከመረቡ ጋር ተያይዞ የሚኖር ቅጂ ከዋናው ጋር አብሮ ሊጠፋ ስለሚችል፣ ቢያንስ አንዱ ተነቅሎ መቀመጥ አለበት የሚል ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ የቅርብ ጊዜ ነው። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒዩተር ጥበቃ ድርጅት ስሕተት ያለበት ማሻሻያ በመላኩ በዓለም ላይ 8.5 ሚሊዮን ያህል ኮምፒዩተሮች መነሣት ተሳናቸው። አውሮፕላኖች ቆሙ፤ የሆስፒታሎች ሥራም ተሰናከለ። ማሽኖቹ ስለማይነሡ ብዙዎቹን ከሩቅ መጠገን አልተቻለም፤ ሠራተኞች በየኮምፒዩተሩ ፊት ቆመው አንድ በአንድ ማዳን ነበረባቸው። ማይክሮሶፍትም ለዚሁ ሥራ የሚያገለግል የማስነሻ ፍላሽ ማዘጋጃ ፕሮግራም አወጣ። ነገር ግን ዲስካቸው በምስጢር የተቆለፈባቸው ብዙዎች 48 አኃዝ ያለውን የመክፈቻ ቁጥር ካላገኙ ወደ ውስጥ መግባት አልቻሉም። ስለዚህ ይህ ቁጥር በወረቀት ተጽፎ፣ ከኮምፒዩተሩ ተለይቶ በጥንቃቄ መቀመጥ እንዳለበት ታወቀ።

ከእነዚህ ሁሉ እንደሚታየው ማሽን የሠራው ሥራ የሚጸናው በሰው ጥንቃቄ ነው። ፍላሽ በጥቂት ገንዘብ ይገዛል፤ ዝግጅቱም ከአንድ ከሰዓት በኋላ አያልፍም። ሆኖም ብዙ ሰው ስለ እርሱ የሚያስበው ኮምፒዩተሩ ከወደቀ በኋላ ነው። አበው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው። በአንጻሩ አስቀድሞ የተዘጋጀው ጽሕፈት ቤት በዚያ የግንቦት ማለዳ ፍላሹን ከመሳቢያ አውጥቶ ይሰካል፤ ሰነዱን ከመጠባበቂያው ቅጂ ይመልሳል፤ ማዳበሪያውም ዝናቡ ሳይቀድመው ወደ ገበሬው መንገዱን ይቀጥላል።