ለአረቄ ማውጫ የሚሆን የጋዝ ምድጃ አመራረጥ

አርሲ ደጋ የገብስ አገር ነው። ገብሱ ለበሶ፣ ለቆሎ፣ ለእንጀራ ይውላል፤ በ1984 እ.ኤ.አ. ለተቋቋመው የአሰላ ብቅል ፋብሪካም ይቀርባል። ከዚያ የተረፈው በየጓዳው ብቅል ሆኖ ከጌሾ ጋር ይደፈደፍና ጠላ ወይም አረቄ ይሆናል። አረቄ ሲነሳ ግን ቀድሞ የሚጠራው ስም ዛሬ በምዕራብ አርሲ ዞን ያለችው አርሲ ነጌሌ ነው። የነጌሌ ካቲካላ ከከተማዋ አልፎ ሩቅ ይሸጣል። ብዙ እናቶች ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት በዚሁ ሥራ ነው። ጣጣው ማገዶው ላይ ነው። እንጨቱ ከየት ይመጣል ሲባል የሙነሳ ደን ስም መነሳቱ አይቀርም፤ ጢሱ ደግሞ በአውጪዋ ዓይንና ሳንባ ላይ ይቀራል።

ታዲያ እንጨቱን በጋዝ እንተካው የሚለው ሐሳብ ጥሩ ነው። ይሁንና ሐሳቡ በተነሳ ቁጥር ቀድሞ የሚጠየቀው "ምድጃው ምን ያህል ኃይል ይኑረው?" የሚለው ነው። እኔ ግን ጥያቄው ከምድጃው ሳይሆን ከማቀዝቀዣው መጀመር አለበት ባይ ነኝ። ለምን ቢባል፣ አረቄ ማውጣት እንደ ወጥ መሥራት አይደለም። ከጋኑ የሚወጣው እንፋሎት ራሱ የሚነድ ነገር ነው። ቀዝቅዞ ወደ ፈሳሽ ካልተለወጠ ወደ ቤቱ ይወጣል፤ ቤቱ ውስጥ ደግሞ እሳት አለ።

አሠራሩን ሁላችንም እናውቀዋለን። ድፍድፉ ጋን ውስጥ ሆኖ ይጣዳል፤ ከላይ ይከደናል፤ መጋጠሚያው በጭቃ ወይም በሊጥ ይመረጋል። እንፋሎቱ በሸምበቆ ወይም በመቃ አልፎ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደተቀመጠው ዕቃ ይወርዳል። ውሃው ሲሞቅ በሌላ ይለወጣል። በቃ፣ ማቀዝቀዣው ይኸው ነው።

አሁን ስሌቱን እንየው። 40 ሊትር ድፍድፍ አለን እንበል። አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,430 ሜትር ላይ ስለሆነች እዚያ ንጹህ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ አልኮል ያለበት ድፍድፍ ደግሞ ከዚያ ዝቅ ብሎ በ86 አካባቢ ይፈላል። ከ15 ዲግሪ ተነስተን እዚያ ለማድረስ 12 ሜጋ ጁል ያህል ያስፈልጋል። ከዚያ 6 ሊትር አረቄ ለማውጣት ሌላ 10 ሜጋ ጁል እንጨምር፤ በድምሩ 22። አንድ ኪሎ የሲሊንደር ጋዝ 46 ሜጋ ጁል ገደማ ይሰጣል፤ ከዚህ ግማሹ ባክኖ ቢቀር እንኳ ለአንድ ጊዜ ሥራ 1 ኪሎ ጋዝ ይበቃል ማለት ነው። በሦስት ጉልቻ ግን ከእሳቱ ሙቀት ጋኑ ውስጥ የሚገባው ከ10 እስከ 15 በመቶ ቢሆን ነው፤ ስለዚህ ለዚሁ ሥራ 12 ኪሎ ያህል ደረቅ እንጨት ይሄዳል።

ዋናው ነገር ያለው ግን 10 ሜጋ ጁሉ ላይ ነው። ይህ ሙቀት እንፋሎቱ ሲቀዘቅዝ በሙሉ ማለት ይቻላል ወደ ማቀዝቀዣው ውሃ ይገባል። ውሃው ከ15 ወደ 40 ዲግሪ እስኪሞቅ ድረስ ብንጠቀምበት 95 ሊትር ያስፈልጋል፤ ወደ አምስት የ20 ሊትር ጀሪካን መሆኑ ነው! ምድጃው ይህን ሥራ በአንድ ሰዓት የሚጨርስ ከሆነ አምስቱም ጀሪካን በዚያች ሰዓት ውስጥ መቀያየር አለባቸው። በግማሽ ሰዓት የሚጨርስ ከሆነ ደግሞ በግማሽ ሰዓት። እንግዲህ የምድጃውን መጠን የሚወስነው ውሃ የሚያመላልሰው ሰው ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

በዚህ ሂሳብ ለ40 ሊትር ጋን 6 ኪሎ ዋት አካባቢ የሆነ ምድጃ ይበቃል። ግማሹ ሙቀት ጋኑ ውስጥ ቢገባ ከአንድ ሰዓት ትንሽ በሚበልጥ ጊዜ ያፈላል፤ አረቄውን ደግሞ በሌላ አንድ ሰዓት ያወጣል። ሆቴሎች ለትልልቅ ድስት የሚጠቀሙበት ኃይለኛ ምድጃ እዚህ ቦታ የለውም። የሸክላ ጋን ድንገተኛ ሙቀት ይሰነጥቀዋል፤ ድፍድፉ ከታች ያራል፤ አረፋው ገንፍሎ ሸምበቆውን ሊደፍነው ይችላል። መውጫው ከተደፈነ ደግሞ ጋኑ ውስጥ ግፊት ይጠራቀማል። ስለዚህ ጋኑን ከሁለት ሦስተኛው በላይ አለመሙላትና ምርጊቱን በሲሚንቶ አለማጠንከር ይጠቅማል፤ ለስላሳ ምርጊት ግፊት ሲበዛ ቀድሞ ይለቃል። ምድጃው እሳቱን እስከ ሩብ ድረስ ዝቅ ማድረግ የሚችል መሆኑም መታየት አለበት፤ የመጀመሪያው ጠብታ እንደታየ እሳቱ ወዲያው ይቀነሳልና። ጋዝ ከእንጨት የሚበልጥበት ትልቁ ነገር፣ በእኔ አስተያየት፣ ይኸው በመክፈቻ ወዲያው መቀነስና ማጥፋት መቻሉ ነው።

አሁን ወደ አደጋው እንምጣ። የአልኮል እንፋሎት ከአየር 3.3 በመቶ ያህል ሲሆን መንደድ ይጀምራል። 100 ሚሊ ሊትር አልኮል፣ ከአንድ የቡና ሲኒ ብዙም የማይበልጥ ማለት ነው፣ ሙሉ በሙሉ ቢተን ከአንድ ሜትር ኩብ በላይ አየር ለእሳት ያዘጋጃል። እንፋሎቱ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ወለሉን ይሄዳል፤ የሲሊንደሩ ጋዝም እንደዚሁ ነው። የአርሲ ብርድ ደግሞ በርና መስኮት ያዘጋል። ከላይ ያለች መስኮት ብቻዋን አትበቃም፤ ከወለሉ አጠገብ ወደ ውጭ የሚያወጣ ክፍተት ያስፈልጋል። ሸምበቆውን ወይም የመዳብ ቱቦውን ረዘም አድርጎ መቀበያውን ከምድጃው ማራቅ፣ ቢቻል በመካከላቸው የግንብ ከለላ ማቆም ይገባል። 40 በመቶ አልኮል ያለው አረቄ 26 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ በእሳት ሊያያዝ ይችላል፤ ለብ ብሎ የሚወርድ አረቄ ከዚያ ያልፋል። ዳግም አረቄ ሲወጣ ደግሞ ጋኑ ውስጥ የሚገባው ራሱ አረቄ ስለሆነ ጥንቃቄው እጥፍ ነው።

ሲሊንደሩ ውጭ ቆሞ (ተጋድሞ አይደለም) ጎማው በግድግዳ አልፎ ቢገባ ይመረጣል። ሬጉሌተሩ ምድጃው ላይ ከተጻፈው ግፊት ጋር መግጠም አለበት፤ ብዙ የቤት ምድጃ በ30 ሚሊ ባር አካባቢ ይሠራል። ጎማው ለጋዝ የተሠራ ይሁን፤ የውሃ ጎማ አይሆንም። ሲተጣጠፍ ስንጥቅ ካሳየ ይጣላል። መፍሰሱ በሳሙና አረፋ ይፈተሻል፤ በክብሪት የሚፈትሽ ሰው አለ፣ ምን ይባላል! ምድጃው ቴርሞካፕል ያለው ቢሆን እሳቱ በነፋስ ወይም በገነፈለ አረፋ ሲጠፋ ጋዙን ራሱ ይዘጋል። ይህ ዕቃ የአልኮሉን እንፋሎት ግን አያውቅም፤ እሱን የሚጠብቀው ሰው ብቻ ነው።

የከፍታውም ነገር አለ። አሰላ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ለቆላ አገር የተሠራ ምድጃ እዚህ አየር ያንሰዋል፤ ነበልባሉ ቢጫ ይሆናል፣ የጋኑን ቂጥ ጥላሸት ያለብሳል፣ ሽታ የሌለውን ካርቦን ሞኖክሳይድም ያመነጫል። የአየር ማስገቢያውን ከፍቶ ነበልባሉ ሰማያዊ እስኪሆን ማስተካከል፣ ካልሆነም ጋዙ የሚወጣባትን ቀዳዳ በጠባብ ማስለወጥ ነው። ቡቴን የበዛበት ጋዝ በብርድ ጠዋት ግፊቱ ይወርዳል፤ ያኔ ሲሊንደሩን እሳት ዳር ማስጠጋት የለመዱ ሰዎች አሉ። በፍጹም አይደረግም።

ትልልቅ ፋብሪካዎች ይህን ሁሉ የሚያመልጡት እሳቱን ለብቻው ቦይለር ቤት አድርገው እንፋሎት ብቻ ወደ ማውጫው በመላክ ነው። ለማኅበር ተደራጅተው ለሚሠሩ እናቶች ይህ ሊታሰብ ይችላል፤ ለአንዲት ጓዳ ግን ዋጋው አይቀመስም።

ገንዘቡ ለሁሉም ካልበቃ እኔ ብሆን መጀመሪያ ረዥም የመዳብ ቱቦና ሰፊ የውሃ በርሜል እገዛለሁ፣ ቀጥሎ ደህና ጎማና ሬጉሌተር፣ ምድጃውን መጨረሻ። ምርጊት ሲለቅ ወይም ሽታ ሲሸት የሚዘጋው የሲሊንደሩ ራስ ነው፤ ስለዚህ እሱ በእጅ ለመድረስ ቅርብ፣ ከምድጃው ግን ሩቅ ይሁን። የአልኮል ነበልባል በቀን ብርሃን አይታይም ማለት ይቻላልና፣ ባልዲ አሸዋና የረጠበ ጆንያ በር ላይ ይቀመጥ።