ፊርማው ሲደርቅ የሚጀመረው ጨዋታ

ክረምት ሲገባ የክለቦቻችን ዋና ሥራ ተጫዋች ማስፈረም ነው። ልጁ ማልያውን ይዞ ከሥራ አስኪያጁ ጋር ፎቶ ይነሳል፣ ደጋፊው «እንኳን ደህና መጣህ» ይላል፣ በቃ። ወረቀቱ ላይ ምን እንደተጻፈ የሚጠይቅ የለም። ጥያቄው የሚመጣው ደሞዝ ሲዘገይ ወይም ክለቡ ሲወርድ ነው። ያኔ ጨዋታው ከሜዳ ወጥቶ ዳኛ ፊት ይቀርባል፤ ይሄኛው ዳኛ ግን የያዘው ፊሽካ ሳይሆን የ1952 ዓ.ም.ን የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው።

መውጣትና መውረድን ሆሳዕናና ዱራሜ በደንብ ያውቁታል። ሀዲያ ሆሳዕና በ2008 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጉን ተቀላቅሎ በዚያው ዓመት ወረደ፤ በ2012 ተመለሰ። የከምባታው ሀምበሪቾ ዱራሜም በ2016 በትልቁ ሊግ የቆየው አንድ የውድድር ዘመን ብቻ ነው።

እስቲ አንድ ምሳሌ እንውሰድ (የማንም ክለብ ውል አይደለም)። አንድ ተጫዋች የሁለት ዓመት ውል ፈረመ። በውሉ ውስጥ «ክለቡ ከሊጉ ከወረደ ደሞዙ ይስተካከላል» የሚል አንቀጽ አለ። ክለቡ ወረደ። ሥራ አስኪያጁ «ይስተካከላል ማለት በግማሽ ይቀነሳል ማለት ነው» አለ። ተጫዋቹ ደግሞ «ቁጭ ብለን እንነጋገራለን ማለት እንጂ ማን ግማሽ አለ?» ብሎ ከሰሰ።

ዳኛው ከየት ይጀምራል? የሕጉ ቁጥር 1733 ቃሉ ግልጽ ከሆነ ፍርድ ቤት «እነሱ ያሰቡት እንዲህ ነበር» እያለ ከጽሑፉ እንዳይወጣ ይከለክለዋል። «ይስተካከላል» ግን ግልጽ አይደለም። ስለዚህ 1734 ይመጣል፤ የሁለቱ ወገኖች የጋራ ሐሳብ ይፈለጋል። ይህም የሚታወቀው ከፊርማው በፊትና በኋላ ባደረጉት ነገር ነው። ክለቡ ከወረደ በኋላ ለሁለት ወር ሙሉ ደሞዝ ከፍሎ ከሆነ፣ በሦስተኛው ወር «ግማሽ ነበር» ቢል የገዛ የክፍያ ሰነዱ ይመሰክርበታል። የሥራው ልማድና ቅን ልቦናም ይታያሉ፤ 1732 የሚለው ይህንኑ ነው። ይሄ ሁሉ ካልፈታው የመጨረሻው በር 1738 ነው፦ አንዱ ወገን ራሱ ባዘጋጀው ቅጽ ላይ የሰፈረ ቃል ለሌላኛው በሚጠቅም መንገድ ይተረጎማል። ቅጹን የሚያዘጋጀው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ክለቡ ነው። ጸሐፊው ስንፍናውን በራሱ ኪስ ይከፍላል ማለት ነው።

ግልጽ ቃልም ቢሆን ክለብን ያስደነግጣል። የ2012 ውድድር በኮሮና ተሰርዞ ያለ ሻምፒዮንና ያለ ወራጅ ማለቁን አንባቢ ያስታውሳል። በዚያ ዓመት አንድ ውል «ክለቡ በሊጉ ከቆየ ማበረታቻ ይከፈላል» ብሎ ቢሆንስ? ክለቡ «በኮሮና እንጂ በእናንተ እግር አልቆየንም» ቢል ያምርበታል። ለእኔ ግን ከቆየ ቆየ ነው። «በተጫዋቾቹ ውጤት» የሚሉ ሁለት ቃላት መጨመር ይቻል ነበር።

የአርሴናል ደጋፊዎች ይህን ቁስል ያውቁታል። በ2005 ዓ.ም. ክረምት አርሴናል ለሉዊስ ሱአሬዝ 40 ሚሊዮን ከ1 ፓውንድ አቀረበ። ከ40 ሚሊዮን በላይ ከመጣ ሊቨርፑል ለመልቀቅ ይገደዳል ብሎ ነበር ውሉን ያነበበው። ሊቨርፑል አልሸጥም አለ፤ ልጁም ቀረ። ነገሩ ፍርድ ቤት ሳይደርስ በዓመቱ ባርሴሎና ወሰደው።

በእኛ አገር ትልቁ ችግር ግን ጭራሽ ያልተጻፈው ነው። በ2011 ክረምት የወር ደሞዝ ጣሪያ 50 ሺህ ብር ሲሆን «ለፌዴሬሽን ይህን እናስገባ፣ ሌላውን በጎን እናያለን» የሚለው ወሬ ከየካፌው አልጠፋም። በጎን የታየውን ማን ያስከብራል? በ2005ና በ2006 ቁጥሮች መሠረት የተፈረመ ሰነድ በፈራሚዎቹ መካከል ሙሉ ማስረጃ ነው፤ ያንን ለማፍረስ ምስክር መቁጠር አይቻልም። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት አበው ሕጉን ያነበቡ ይመስላሉ።

የፊፋ የዝውውር ደንብ ተጫዋች በሥራ ውል ጉዳይ መደበኛ ፍርድ ቤት እንዳይሄድ አይከለክልም። ሄዶ ዳኛው የሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ ግን «ውሉ የታለ?» የሚል ነው። ስንቱ ተጫዋች ኮፒው እጁ ላይ አለ?