የከባድ ጭነት ተሽከርካሪ የሞተር ዘይት በስንት ዲግሪ ሙቀት ሊሠራ ይገባል?

ከጅቡቲ ወደብ ዕቃ ጭኖ የሚነሣ ባለተሳቢ ከባድ ተሽከርካሪ ጉዞውን የሚጀምረው ከባሕር ጠለል ነው። ጋላፊንና ሚሌን አልፎ፣ በአዋሽ በኩል አድርጎ ሞጆ ደረቅ ወደብ ሲደርስ ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ወጥቷል፤ መድረሻው አዲስ አበባ ከሆነም ከዚያ በላይ ይወጣል። የሀገራችን ገቢ ዕቃ ከወጪ ዕቃው ስለሚበልጥ፣ ተሽከርካሪው ሙሉ ጭነት የሚሸከመው በአብዛኛው በዚህ የሽቅብ ጉዞ ላይ ነው። እጅግ ሞቃቱ አየር፣ ከባዱ ጭነትና ረጅሙ አቀበት በአንድ መንገድ ላይ ይገናኛሉ ማለት ነው። ሞተሩ ይህን ጫና ተቋቁሞ መዝለቅ አለመዝለቁን ከሚወስኑት ነገሮች መካከል ተገቢው ትኩረት የማይሰጠው የሞተር ዘይት ሙቀት ነው። ይህ ጽሑፍ ባለንብረቶችና አሽከርካሪዎች ሙቀቱ ስንት ሊሆን እንደሚገባ፣ ከልክ ሲያልፍም ሆነ ሲያንስ ምን እንደሚያስከትል ተረድተው አስቀድመው እንዲጠነቀቁ ለማስቻል የተዘጋጀ ነው።

ቱርቦ የተገጠመለት፣ ከፍተኛ ጉልበት ያለው የናፍጣ ሞተር በመደበኛ ጉዞ ላይ ሳለ የዘይቱ ሙቀት ከ90 እስከ 110 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው መካከል ቢሆን ተስማሚ ነው። ረጅም አቀበት በሚወጣበት ጊዜ ለጥቂት ጊዜ ወደ 120 ዲግሪ ቢጠጋ ሊያስደነግጥ አይገባም። ከ120 አልፎ የሚቆይ ከሆነ ግን የሞተሩን ጫና መቀነስ ያስፈልጋል፤ ወደ 130 ከተቃረበ ደግሞ ለደኅንነት አመቺ የሆነ ቦታ ፈልጎ መቆም ግድ ይላል። እነዚህ አኃዞች አጠቃላይ መመሪያ እንጂ ለእያንዳንዱ ሞተር የተሰጡ ስላልሆኑ፣ የተሽከርካሪው አምራች በመመሪያ መጽሐፉ የተለየ ወሰን አስቀምጦ ከሆነ የአምራቹ ይቀድማል።

መቶ ዲግሪ አካባቢ ያለው ሙቀት የተመረጠው ያለምክንያት አይደለም። በዘይት ዕቃው ላይ «15ደብልዩ-40» ተብሎ ሲጻፍ፣ 40 የሚለው ቁጥር የዘይቱ ውፍረት በ100 ዲግሪ ሙቀት ተለክቶ የተሰጠ ደረጃ ነው። ዘይቱ ሲዘጋጅም ይህን ሙቀት ታሳቢ አድርጎ ነው። ሙቀቱ ከዚህ እጅግ ሲያልፍ ዘይቱ ይቀጥናል፤ በክራንክሻፍቱና በመያዣዎቹ መካከል ብረት ከብረት እንዳይነካካ የሚያደርገው ስስ የዘይት ሽፋንም ይሳሳል። ከዚህ በተጨማሪ ዘይት በሙቀት ብዛት ከአየር ጋር እየተዋሐደ ያረጃል። በዘርፉ ባለሙያዎች ዘንድ የሚሠራበት ግምታዊ ስሌት፣ ሙቀቱ ከመደበኛው በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የዘይቱ የማርጀት ፍጥነት በእጥፍ ገደማ ያድጋል የሚል ነው። በቆላ መንገድ ዘወትር ከልክ በላይ እየሞቀ የሚሠራ ተሽከርካሪ፣ ደጋ ላይ ለሚሠራ ተሽከርካሪ በተሰላ ኪሎ ሜትር ዘይት ሊቀየርለት አይገባም የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

ብዙም የማይነገርለት የዘይት መቀዝቀዝም የራሱ ጉዳት አለው። ናፍጣ ሲቃጠል ውኃ ይፈጠራል፤ ከዚህም ጥቂቱ፣ ካልተቃጠለ ናፍጣና ከድኝ ውህዶች ጋር፣ ወደ ዘይቱ ይሰርጋል። ዘይቱ በቂ ሙቀት አግኝቶ ካልቆየ ውኃው ተንኖ አይወጣም፤ ከድኙ ጋር ተዋሕዶ ብረት የሚበላ አሲድ ይሆናል። በከተማ ውስጥ አሸዋና ድንጋይ በአጭር ርቀት የሚያመላልሱ፣ ወረፋ ይዘው ሞተር ሳያጠፉ ለሰዓታት የሚቆሙ ተሽከርካሪዎች ለዚህ ይጋለጣሉ። በዘይት መሙያው ክዳን ሥር የወተት ቅባት የሚመስል ነጭ አረፋ መታየቱ አንዱ ምልክት ነው። በዚያው ጊዜ የራዲያተሩ ውኃ እየጎደለ ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ የጋስኬት ወይም የዘይት ማቀዝቀዣ መበሳት ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገዩ ወደ ጋራዥ መውሰድ ይገባል።

ጠዋት ሞተር አስነሥቶ ለግማሽ ሰዓት ያለሥራ ማቆምም ቢሆን መፍትሔ አይደለም። በሚኒሞ የሚሠራ ሞተር ቀስ ብሎ ስለሚሞቅ ዘይቱ ለረጅም ጊዜ ቀዝቃዛ እንደሆነ ይቆያል። 15ደብልዩ ደረጃ ያለው ዘይት ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ቅዝቃዜ ላይ እንኳ ሞተር ለማስነሣት እንደሚያስችል ተፈትኖ የሚወጣ በመሆኑ፣ የአዲስ አበባ ወይም የደብረ ብርሃን ንጋት አያስቸግረውም። የዘይት ግፊቱ ከተስተካከለ በኋላ፣ የአየር ፍሬኑ እስኪሞላ ጠብቆ፣ በዝግታ ጉዞ መጀመርና ዘይቱ ወደ 80 ዲግሪ እስኪደርስ ድረስ ሞተሩን አለማስጨነቅ የተሻለ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስት ጉዳይ አለ። በአብዛኞቹ ተሽከርካሪዎች ዳሽቦርድ ላይ በግልጽ የሚታየው የሙቀት ጌጅ የውኃውን እንጂ የዘይቱን ሙቀት አያሳይም። ውኃው ከዘይቱ ቀድሞ ይሞቃል፤ ስለዚህ ጌጁ መካከል ላይ ደርሷል ማለት ዘይቱ ለአቀበት ዝግጁ ነው ማለት አይደለም። በአንጻሩ በጫና ጊዜ ዘይቱ ከውኃው በላይ ሊሞቅ ይችላል፤ ቱርቦውንም፣ በብዙ ሞተሮች ላይ የፒስተኖቹን ሥርም የሚያቀዘቅዘው እርሱ ነውና። በአንዳንድ ዘመናዊ ተሽከርካሪዎች የዘይቱን ሙቀት ከዳሽቦርዱ ስክሪን ማውጫ ፈልጎ ማየት ይቻላል። ይህ በሌለበት ተሽከርካሪ የዘይት ግፊት ጌጁን መከታተል ያግዛል፤ ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ ሲሠራ ግፊቱ ከወትሮው ዝቅ ካለ ዘይቱ ቀጥኗል ብሎ መጠርጠር ይገባል።

ከሁሉ ይልቅ ሊታረም የሚገባው ልማድ ወደ ቆላ የሚወርድ ተሽከርካሪን ቴርሞስታት አስነቅሎ መንዳት ነው። ሐሳቡ ሲታይ ትክክል ይመስላል፤ ውኃው ያለከልካይ ወደ ራዲያተሩ ቢፈስ ሞተሩ ይቀዘቅዛል የሚል ነው። ነገር ግን በብዙ ከባድ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሁለት ሥራ አለው። ወደ ራዲያተሩ የሚወስደውን መንገድ ሲከፍት፣ ውኃው ራዲያተሩን ሳይነካ ወደ ሞተሩ የሚመለስበትን አቋራጭ ይዘጋል። ሲነቀል አቋራጩ እንደተከፈተ ስለሚቀር ከውኃው ከፊሉ ሳይቀዘቅዝ ይመለሳል፤ በሙሉ ጭነት አቀበት ላይም ሞተሩ ከበፊቱ የባሰ ሊሞቅ ይችላል። ያው ተሽከርካሪ ደጋ ሲደርስ ደግሞ ዘይቱ የሚፈለገውን ሙቀት አያገኝም። ሞተሩ የሚግል ከሆነ ምክንያቱ ሌላ ቦታ ነው፦ በአቧራና በነፍሳት የተደፈነ ራዲያተር፣ የላላ የፋን ቺንጋ፣ የማይዝ የፋን ክላች ወይም የጎደለ ዘይት። ራዲያተር ማጽዳት ሞተር ከማሳደስ ጋር በወጪ ሊወዳደር የሚችል አይደለም።

የራዲያተር ክዳንም ቀላል ዕቃ ይመስላል። በአዲስ አበባ ከፍታ ንጹሕ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ሞተሩ ግን ሥራውን የሚሠራው ከዚሁ በተቀራረበ ሙቀት ነው። ውኃው እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ አምቆ የሚይዘው ግፊትና ከውኃው ጋር የሚቀላቀለው የራዲያተር ፈሳሽ ናቸው። ክዳኑ ያረጀ፣ ራዲያተሩም በንጹሕ ውኃ ብቻ የተሞላ ተሽከርካሪ ከሚሌ ተነሥቶ በባቲ በኩል ወደ ኮምቦልቻ ሲወጣ ውኃው መፍላቱ አይቀርም፤ ከዚያ በኋላ ዘይቱን የሚያቀዘቅዝለት የለም።

በጉዞ ላይ ሙቀቱ ከጨመረ አንድ ማርሽ ቀንሶ፣ የነዳጅ አረጋገጥንም ቀለል አድርጎ መውጣት ጠቃሚ ነው። ሞተሩ በከፍተኛ ማርሽ እየተንገዳገደ ሲጎትት የውኃ ፓምፑም ፋኑም በዝግታ ስለሚዞሩ ሙቀቱ ይታመቃል። ቁልቁለት ላይም ጥንቃቄ ያሻል፤ ከማርሽ ሳጥኑ ጋር የተያያዘ በፈሳሽ የሚሠራ ፍጥነት መቀነሻ ያላቸው ተሽከርካሪዎች የሚያመነጩትን ሙቀት ወደ ሞተሩ ውኃ ስለሚልኩ፣ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ የውኃው ሙቀት ሊያድግ ይችላል።

ለመቆም ሲወሰን ሞተሩን ወዲያው ማጥፋት አይመከርም። ከ3 እስከ 5 ደቂቃ በሚኒሞ ቢሠራ የጋለው ቱርቦ በሚዘዋወረው ዘይት ይበርዳል፤ ወዲያው ከጠፋ ግን በውስጡ የቀረው ዘይት ተቃጥሎ ጥላሸት ይሆናል። ቀዩ የዘይት ግፊት መብራት ከበራ ወይም ውኃው ፈስሶ ካለቀ ደንቡ ይለወጣል፤ ያን ጊዜ ሞተሩ ወዲያው መጥፋት አለበት። የጋለ የራዲያተር ክዳን ፈጽሞ መከፈት የለበትም፤ የሚወጣው እንፋሎት አሽከርካሪውንም ረዳቱንም ክፉኛ ያቃጥላል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ መድፋትም ብረቱን ሊሰነጥቅ ይችላል።

ዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራ የሚካሄደው ተሽከርካሪው ጭነት ሳይዝ በመሆኑ ዘይቱ በአቀበት ላይ ስንት ዲግሪ እንደሚደርስ አያሳይም። ስለዚህ ባለንብረቶች ለምርመራ ከመቅረባቸው በፊት በጋራዥ የራዲያተሩን፣ የክዳኑን፣ የቴርሞስታቱንና የፋኑን ይዞታ ማስፈተሽ፣ ዘይት የተቀየረበትን ቀን፣ ኪሎ ሜትርና የዘይቱን ዓይነትም በተሽከርካሪው መዝገብ ላይ ማስመዝገብ ይኖርባቸዋል። አሽከርካሪዎችም በጉዞ ላይ ያዩትን ከፍተኛ ሙቀትና የታየበትን ቦታ ጽፈው ለባለንብረቱ ቢያስረክቡ፣ መካኒኩ ጉድለቱን ፈልጎ ለማግኘት ይቀለዋል።