ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ፦ የሰነፈው ሲሊንደር የትኛው ነው?

  ደብተርና እርሳሳችሁን አቅርቡ። ዛሬ አራት ቁጥሮች እንጽፋለን፤ 1፣ 3፣ 4፣ 2። ጻፋችሁ? ቅደም ተከተሉ የተዛባ የመሰላችሁ ትኖራላችሁ። አልተዛባም፤ ምክንያቱን ጥቂት ቆይተን እናየዋለን።

ትምህርታችን ስለ አሮጌ መኪና ሞተር ነው። ሐረር ላይ አሮጌ መኪና ከተባለ ደግሞ ቀድሞ የሚታሰበው ፔጆ 404 ነው፤ ፈረስ መጋላ ላይ ተደርድረው ሰው ሲጠብቁ የኖሩት ሰማያዊና ነጭ ታክሲዎች። ይህች መኪና መጀመሪያ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። ፈረንሳይ አገር የቤት መኪናዋ መሠራቱ ያበቃው በ1975 ነው። ስለዚህ ዛሬ በእጃችን ያለችው መኪና አሮጊት ናት፤ መለዋወጫዋም እንደ ልብ አይገኝም። ሞተሯ ቆማ ሳለች መንቀጥቀጥ ሲጀምር ነጂው ምን ያደርጋል? አንዱ ካንዴላ ቀይር ይለዋል፤ ይቀይራል። ሌላው ካርቡራተሩ ነው ይለዋል፤ ያስፈታል። ሦስተኛው ደግሞ ሌላ ይላል። መኪናዋ ግን እንደተንቀጠቀጠች ነች። ታክሲ አንድ ቀን ቆመ ማለት የዚያን ቀን ቀለብ ቀረ ማለት ስለሆነ፣ በግምት ዕቃ መግዛት የዋዛ ነገር አይደለም። መጀመሪያ ጥፋቱን ማግኘት፣ ከዚያ ገንዘብ ማውጣት ነው።

ታዲያ ጥፋቱን በምን እናገኘዋለን? መጀመሪያ በጆሮ። ከፈረስ መጋላ ወደ ጊዲር መጋላ የሚወርደውን የልብስ ሰፊዎች መንገድ የማያውቅ ሐረሬ የለም፤ መኪና ግርግር። ስሙን ያወጣለት የስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው። እዚያ የሚሠራ ሰፊ መርፌው ሳይወጋ ሲያልፍ ዓይኑን ሳይጥል በጆሮው ያውቃል፤ ድምፁ አንድ ቦታ ላይ ይጎድላላ! የመኪና ሞተርም እንዲሁ ነው።

የ404 ሞተር አራት ሲሊንደር አለው። በየሲሊንደሩ ውስጥ ፒስቶን ይወጣል ይወርዳል። ቤንዚንና አየር ተደባልቆ ይገባል፣ ይታመቃል፣ ካንዴላው እሳት ይሰጠዋል፣ ሲቀጣጠል ፒስቶኑን ይገፋል፣ ጭሱም ይወጣል። አራቱ ግን በአንድ ጊዜ አይቀጣጠሉም። ሁለት ሴቶች በአንድ ሙቀጫ ሲወቅጡ አንዷ ስታነሣ ሌላዋ እንደምትጥል፣ እነዚህም ተራ አላቸው። መጀመሪያ 1ኛው፣ ቀጥሎ 3ኛው፣ ከዚያ 4ኛው፣ በመጨረሻ 2ኛው። እነሆ የቁጥሮቻችን ምስጢር። ቆጠራው ላይ ግን ተጠንቀቁ፦ በብዙ መኪናዎች 1ኛ የሚባለው በራዲያተር በኩል ያለው ሲሆን፣ በዚህች ፔጆ 1ኛው በካምቢዮ በኩል፣ ወደ ነጂው የቀረበው ነው። የካንዴላ ሽቦ ሲፈታ ቁጥሩን ጽፎ ያላሰረ ሰው ሲመልሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ትንሽ ሒሳብ። ሞተሩ በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ሲሠራ፣ በደቂቃ 700 ዙር ያህል ይዞራል እንበል። አንዱ ሲሊንደር በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ይቀጣጠላል። ስለዚህ በደቂቃ 350 ጊዜ ነው። 350ን ለ60 ብናካፍል ወደ 6 ይጠጋል። አንዱ ሲሊንደር ከሰነፈ በየሴኮንዱ ስድስት ጊዜ ያህል ጉድለት ይፈጠራል ማለት ነው። መሪውን የሚያንዘረዝረው ይኸው ጉድለት ነው። ሲፈጥን ግን ቮላኖ የሚባለው ከባድ ክብ ብረት በግፊቱ ይሸፍነዋል። ብዙ ነጂ ይህን ዓይቶ ሚኒሞውን በካቻቢቴ ከፍ ያደርግና «ዳነች» ይላል። አልዳነችም! ቤንዚን ትበላለች እንጂ።

ወደ ፍተሻው እንግባ። መኪናዋን ሜዳ ላይ አቁሙ። የጁገል ግቢ ግንብ ነው፣ ጠባብ ነው፤ በር ዘግቶ ሞተር ማስነሣት በጭሱ ሰው ይገድላል። ማርሹን አውጡ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ነጠላና ፎጣ ከአንገት ይውረድ፤ የራዲያተሩ ማራገቢያ አይምርም።

አንድ ቁራጭ ወረቀት በጭስ ማውጫው አፍ አጠገብ ያዙ። ወረቀቱ እኩል እኩል እየተገፋ ከተርገበገበ ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ መንቀጥቀጡ የመጣው ሞተሩ ከተቀመጠባቸው ጎማዎች ሊሆን ይችላል። ዘይት የጠጣ፣ የተሰነጠቀ ጎማ በዓይን ይታያል። ወረቀቱ በየመሀሉ የሚዘል ከሆነ አንድ ሲሊንደር ሰንፏል። አልፎ አልፎ ወደ ውስጥ የሚሳብ ከሆነ ደግሞ የተቃጠለ ቫልቭ ተጠርጠሩ። የወረቀት ፍተሻ ዋጋው ስንት ነው? ምንም።

ቀጥሎ የሰነፈውን በቁጥሩ መለየት ነው። ሞተሩን አጥፉ። የ1ኛውን ካንዴላ ሽቦ ንቀሉና ጫፉ የሞተሩን ብረት እንዲነካ አድርጋችሁ እሰሩት፤ ከዚያ አስነሡ። የ404 ካንዴላ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ስለሆነ ሽቦውን አትጎትቱ፤ ረጅሙን መያዣ ይዛችሁ ሳቡ። ሞተሩ ከበፊቱ ይልቅ ከተንገዳገደ 1ኛው ሠራተኛ ነበር። በደብተራችሁ ከ1 ጎን «ይሠራል» ብላችሁ ጻፉ። አጥፍታችሁ መልሱትና ወደ 2ኛው እለፉ። ሽቦው ተነቅሎ ምንም ለውጥ ያልታየበት ቁጥር ሰነፉ እሱ ነው። ሞተሩ እየሠራ ሽቦ የሚነቅሉ አሉ፤ ንዝረቱ ክፉ ነው፣ አታድርጉት። ደግሞም ይህ ዘዴ ለአሮጌዎቹ ነው፤ በኤሌክትሮኒክስ ለሚሠሩ አዳዲስ መኪናዎች አይሆንም።

ሰነፉ ተገኘ፤ 3ኛው ነው እንበል። አሁንም ዕቃ አትግዙ። የ3ኛውን ካንዴላ ከ2ኛው ጋር አቀያይሩ። ስንፍናው ወደ 2ኛው ከዞረ ካንዴላው ነው። እዚያው ከቀረ ሽቦውን በሌላ ደህና ሽቦ ሞክሩ። ካንዴላውም ሲወጣ ወሬ ይነግራል። እንደ ተቆላ ቡና ቀለል ያለ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው። ደረቅ ጥላሸት ከያዘ ቤንዚን በዝቶበታል፤ ጥቁር ሆኖ ዘይት ከነካው ዘይት ወደ ውስጥ ይገባል። ጉድጓዱ ውስጥ ዘይት ወይም ውሃ ከተጠራቀመ እሳቱ ወደ ጎን ያመልጣል፤ እሱን ማድረቅ ብቻ የበቃበት ጊዜ አለ።

ካንዴላና ሽቦ ተቀያይሮም 3ኛው ካልነቃ ነገሩ ከበድ ይላል፤ እምቅታው አንሷል። ማኖቬላ ካላችሁ ቁልፉን አጥፍታችሁ በቀስታ አዙሩ። አራት ጊዜ እጅን የሚቋቋም ክብደት ይመጣል፤ ከአራቱ አንዱ ከላላ ጥርጣሬው ተረጋገጠ። ምናልባት የቫልቭ ክፍተት ጠቦ ቫልቩ ሳይገጥም ቀርቶ ይሆናል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ሞተሬ ጸጥ ያለ ነው ብሎ የሚኮራ ነጂ አለ። የቫልቭ ክፍተት ሙቀት ሲመጣ ብረቱ የሚለጠጥበት ቦታ ነው፤ ጥቂት ቲክ ቲክ ማለቱ አያስከፋም። ጸጥ ይበል ተብሎ ሲጠብቅ ቫልቩ ይቃጠላል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች፣ ለምሳሌ 2ኛውና 3ኛው፣ አብረው ከሰነፉ ደግሞ በመሀላቸው ያለው የቴስታታ ጓርኒሲዮን ተበስቶ ሊሆን ይችላል። ይህ የመካኒክ ሥራ ነው። ነገር ግን «እምቅታ ያነሰው 3ኛው ነው» ብሎ ጽፎ ጋራዥ የሚሄድ ሰውና «ይንቀጠቀጣል» ብሎ ብቻ የሚሄድ ሰው አንድ ዓይነት ሒሳብ አይከፍሉም።

አራቱም እኩል ሠርተው ሞተሩ ግን የሚንገዳገድ ከሆነስ? ጥፋቱ የጋራ ነው። ፑንቲናውን እዩት፤ ክፍተቱ 0.4 ሚሊ ሜትር ያህል መሆን አለበት፣ ፊቱም ጎድጉዶ መቃጠል የለበትም። ቀጥሎ ካርቡራተሩ ሞተሩን የሚነካበት መጋጠሚያ ላይ ሳሙና የነካው ውሃ ጠብ አድርጉ፤ ድምፁ ከተለወጠ አየር ያስገባል። በቤንዚን የሚሞክሩ አሉ። በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን! ይህን ሬዲዮ የምትሰሙ ልጆች አባቶቻችሁን ከልክሉ።

የቀረው የአገራችን የራሷ ጉዳይ ነው። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,885 ሜትር ያህል ነች፤ ድሬዳዋ 1,200 ገደማ። በሐረር ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳር ይልቅ በአምስተኛ እጅ ያህል ይሳሳል። አየር ሲያንስ ቤንዚኑ ይበዛል። ስለዚህ ድሬዳዋ ላይ ሚኒሞዋ የተስተካከለች መኪና ደንገጎን ወጥታ ሐረር ስትገባ ትንሽ ብትታፈንና ብትንቀጠቀጥ አይግረማችሁ፤ ታመመች ማለት አይደለም። የምትውልበት ሐረር ከሆነ የካርቡራተሩ ሚኒሞ ቪት ሐረር ላይ፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ይስተካከል። ቪቱን ስታዞሩ ሩብ ዙር ብቻ አዙሩ፣ አድምጡ፣ ወረቀቱን ጭስ ማውጫው ላይ መልሳችሁ ያዙ። ከመነሻው ስንት ሩብ እንዳዞራችሁ ደብተራችሁ ላይ ከነቀኑ ጻፉ፤ ካልሆነላችሁ ወደ ነበረበት የምትመልሱት በዚያ ነው።

ለዛሬው በዚህ ይበቃናል። በሚቀጥለው ትምህርት ፍሬን ላይ እንገናኛለን።