የመምጠጫ ዓምድ፦ ስለ አንድ ሙያዊ ቃል አመራረጥ

በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ፣ ረጲ በተባለው ሥፍራ፣ ከቆሼ የቆሻሻ መጣያ አጠገብ የተሠራው ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ ማመንጫ ጣቢያ በነሐሴ ወር 2010 ዓ.ም. ተመርቋል። ቆሻሻ ሲቃጠል ክሎሪን ካለበት ፕላስቲክ ሃይድሮጂን ክሎራይድ፣ ድኝ ካለበት ነገር ደግሞ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ይወጣል። እንዲህ ያሉት አሲዳማ ጋዞች ወደ አየር ከመለቀቃቸው በፊት ከሚወገዱባቸው መሣሪያዎች አንዱን በአማርኛ ምን እንበለው?

«ማጣሪያ» ማለት የተለመደ ነው። ነገር ግን ማጣሪያ አተላውን ከጠላው የሚለይ ነው፤ ጋዝ በወንፊት አይያዝም። በዚህ መሣሪያ ውስጥ ጋዙ ከታች ወደ ላይ ሲወጣ የኖራ ውሃ ወይም የኮስቲክ ሶዳ ሙሙት ከላይ ይወርድበታል፤ ፈሳሹም አሲዱን ወደ ውስጡ ይወስደዋል። ስለሆነም «መጠጠ» ከሚለው ግስ የተገኘውን «መምጠጥ» መርጠናል። ጋዝ በከሰል ገጽ ላይ ብቻ ሲያዝ ግን ድርጊቱ ሌላ ነውና «ልጥፈት» እንዲባል እናሳስባለን። ሁለቱን ያምታታ ተርጓሚ ፈሳሽ በሚያሻበት ቦታ ከሰል ያስገዛል።

ስለ ቅርጹም፣ «ማማ» የሰብል መጠበቂያን፣ «ግንብ» የድንጋይ ሥራን ያስታውሳል። «ዓምድ» ግን ውፍረቱንና ቁመቱን በአንድነት ያሳያል፤ ነዳፊው የሚያሰላውም እነዚህኑ ነው። ውፍረቱ የሚወሰነው በሚያልፈው ጋዝ ብዛት ሲሆን፣ ቁመቱ የሚወሰነው ጋዙ የሚፈለገውን ያህል እስኪጠራ ከፈሳሹ ጋር መገናኘት በሚገባው መጠን ነው።

በ«መምጠጫ ዓምድ» ላይ የባለሙያዎችንና የተርጓሚዎችን አስተያየት እንጠብቃለን።