አዲስ ሞተር በሚኒሞ ሲንቀጠቀጥ

ጎረቤቴ መኪናዋን ከገዛች ሰባት ወሯ ነው፤ ቆጣሪው 9,400 ኪሎ ሜትር ያሳያል። የወንበሮቹ የአዲስ ዕቃ ሽታ እንኳ ገና አልለቀቀም። አንድ ቅዳሜ ጠዋት በሬን አንኳኩታ «እስቲ ናና ይህችን መኪና እያት፤ መብራት ላይ በቆምኩ ቁጥር ታንዘፈዝፈኛለች» አለችኝ። ከጎኗ ተቀመጥኩ። ሞተሩን አስነስታ እስኪሞቅ ጠበቀች፤ ከዚያ ማርሹን ዲ ላይ አድርጋ ፍሬን ያዘች። በመሐላችን ግማሽ የቀረው የፕላስቲክ ውኃ ተቀምጧል። የውኃው ፊት በደቃቁ ይርገበገባል፤ አልፎ አልፎ ደግሞ ድንገት ዘለል ይልና ይመለሳል። ማርሹን አውጥታ ነዳጅ ትንሽ ስትሰጠው ሁሉም ነገር ጸጥ አለ።

ከዚያ በፊት ሁለት ጋራዥ ሄዳ ነበር። አንደኛው «ካንዴላ ይቀየር» አላት፤ ሁለተኛው «ተፈጥሮዋ ነው፣ ትለምጂዋለሽ» ብሎ ሸኛት። ሁለቱም ኮፈኑን አልከፈቱም። እኔን ያንገበገበኝ ይኸው ነው። ሞተር ለሚጠይቀው ሰው መልስ አለው፤ ያልደከመ ሞተር ደግሞ ከደከመው ይልቅ ጥርት አድርጎ ይመልሳል።

መካኒኮቻችን ሚኒሞ የሚሉት፣ እግር ከነዳጅ መስጫው ላይ ተነስቶ ሞተሩ በራሱ የሚዞርበትን ሁኔታ ነው። ያን ጊዜ የሚያመነጨው ኃይል ራሱን ለማዞር፣ የዘይት ፓምፑን፣ ባትሪ የሚሞላውን ዲናሞና ማቀዝቀዣውን ለማንቀሳቀስ የሚበቃ ብቻ ነው። ስሮትል የሚባለው የአየር በር ሊዘጋ ጥቂት ቀርቶታል፤ ወደ ሲሊንደሮቹ የሚገባው አየርና ቤንዚን እፍኝ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ በአውራ ጎዳና ላይ ልብ የማይባል ጉድለት እዚህ ገዝፎ ይታያል።

አብዛኛው የቤንዚን ሞተር ከሞቀ በኋላ በሚኒሞ በደቂቃ ከ600 እስከ 900 ጊዜ ይዞራል። 750ን እንውሰድ። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ነዳጅ ያቃጥላል፤ በሰከንድ 25 ጊዜ ማለት ነው። ምቱ ፈጣንና እኩል ስለሆነ ሞተሩን የተሸከሙት የጎማ መደገፊያዎች አብዛኛውን ውጠው ያስቀሩታል። አንዱ ሲሊንደር ጭራሽ ሥራ ቢያቆም ግን ጉድለቱ በየሁለት ዙሩ አንዴ ይመጣል፤ በሰከንድ ስድስት ጊዜ ያህል። ይህን ዝግ ያለ መናጥ ጎማዎቹ አይችሉትም፤ በወንበርና በመሪ አልፎ ሰውነት ድረስ ይደርሳል። የጎረቤቴ ውኃ ግን እንዲያ ሳያቋርጥ አይናጥም ነበር። የሚዘለው አልፎ አልፎ፣ ያለ ሥርዓት ነው። አንዱ ሲሊንደር እንዳልሞተ፣ ይልቁንም አራቱም ተራ በተራ እየሳቱ እንደሆነ ጠረጠርኩ። አራት ካንዴላዎች ደግሞ በ9,400 ኪሎ ሜትር አብረው አይደክሙም። ጫፋቸው ኢሪዲየም የሆኑት የዛሬ ካንዴላዎች ብዙውን ጊዜ እስከ 100,000 ኪሎ ሜትር ያገለግላሉ።

የአዲስ መኪና ምርመራ ከአሮጌው የሚለየው እዚህ ላይ ነው። 200,000 ኪሎ ሜትር የሄደ ሞተር ሲንቀጠቀጥ ተጠርጣሪው ብዙ ነው፤ ፋሻው ሊያልቅ፣ ቫልቩ ሊያረጅ፣ ጥላሸት ሊጠራቀም ይችላል። ገና ባልተበላ ሞተር ግን የመጀመሪያው ጥያቄ «ምኑ አለቀ?» ሳይሆን «መጨረሻ ላይ የነካው ማን ነው?» መሆን አለበት። ጠየቅኳት። ከሦስት ሳምንት በፊት የመጀመሪያው ሰርቪስ ተደርጎላታል፤ ዘይትና የአየር ፊልትሮ ተቀይሯል። «ከዚያ በፊትስ ይንቀጠቀጥ ነበር?» ስላት ዝም ብላ አሰበችና «እውነትህን ነው፣ አልነበረም» አለች።

እርግጥ አንዳንድ መንቀጥቀጥ ከነጭራሹ በሽታ አይደለም። ሞተሩ በብርድ ሲነሳ የጭስ ማጣሪያውን ካታሊስት ቶሎ ለማሞቅ ኮምፒዩተሩ ዙሩን ከፍ አድርጎ የካንዴላውን ብልጭታ ሆን ብሎ ያዘገየዋል፤ ለአንድ ደቂቃ ያህል ሻካራ ድምፅ ቢሰማ አያስደነግጥም። ባለ ሦስት ሲሊንደር መኪና የገዛ ሰውም በሰከንድ 25 ሳይሆን 19 ያህል ምት ነው የሚያገኘው፤ ከአራቱ እኩል ልስላሴ ሊጠብቅበት አይገባም። የእሷ ግን አራት ሲሊንደር ነው፣ የሚንቀጠቀጠውም ሞቆ ነው። የትናንቱና የዛሬው ልዩነት ራሱ ምስክር ነው፤ ተፈጥሮ በሦስት ሳምንት አይለወጥም።

ከመሪው ሥር የኮምፒዩተር መመርመሪያ የሚሰካበት ሶኬት አለ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1996 ሞዴል ጀምሮ፣ በአውሮፓ ደግሞ ለቤንዚን መኪኖች ከ2001 ጀምሮ በሕግ የተደነገገ ነው። በስልክ የሚነበብ ትንሽ መሣሪያ ሰካሁ። የተመዘገበ ብልሽት አልነበረም፤ ቼክ ኢንጅን መብራቱም አልበራም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ይቆርጣል፤ «ኮምፒዩተሩ ምንም የለበትም ብሏል» ይባላል። ኮምፒዩተሩ እንዲያ አላለም። ያለው «እኔ ከተሰጠኝ ወሰን ገና አላለፈም» ነው።

ኮምፒዩተሩ የሲሊንደርን መሳት የሚያውቅበት መንገድ ሁልጊዜ ይደንቀኛል። ከሞተሩ ዋና ዘንግ ከክራንክ ሻፍቱ ጋር የሚዞር ጥርሳም ዲስክ አለ፤ በብዙ መኪኖች ለ60 ጥርስ ተከፋፍሎ ሁለቱ ሆን ተብለው የተዘለሉ ናቸው። በ750 ዙር ከአንዱ ጥርስ እስከ ቀጣዩ ያለው ጊዜ ከሰከንድ አንድ ሺህኛ ጥቂት የሚበልጥ ነው። አንድ ሲሊንደር ሳያቃጥል ሲቀር ክራንኩ የሚገፋው አጥቶ ትንሽ ይዘገያል፤ ጥርሶቹ ይዘገያሉ፤ ኮምፒዩተሩም የማን ተራ እንደነበር ቆጥሮ ይመዘግባል። መሳቱ ሲበዛ ፒ 0300 የሚል ቁጥር ይጽፋል፤ ጥፋቱ የአንድ ሲሊንደር ከሆነ ደግሞ የመጨረሻው ቁጥር የሲሊንደሩ ይሆናል፤ ፒ 0302 ቢል ሁለተኛው ነው።

እኔ የፈለግኩት ግን ሌላ ቁጥር ነበር። ቤንዚን በትክክል የሚቃጠለው 1 ኪሎ ግራም ነዳጅ ከ14.7 ኪሎ ግራም አየር ጋር ሲደባለቅ ነው። የኦክስጅን ሴንሰሩ ጭሱን እየቀመሰ «አየር በዛ» ወይም «ነዳጅ በዛ» ይላል፤ ኮምፒዩተሩም ነዳጁን በመቶኛ እየጨመረ ወይም እየቀነሰ ያስተካክላል። ይህን ማስተካከያ መሣሪያው ያሳያል። በጤነኛ ሞተር ላይ ከዜሮ ብዙም አይርቅም። የጎረቤቴ መኪና በሚኒሞ 18 በመቶ ጨምሮ አገኘሁት። ዙሩን ወደ 2,500 እንድታወጣው ጠየቅኳት፤ ቁጥሩ ወደ 3 ወረደ።

ይህ ልዩነት ጣት ይጠቁማል። በእሷ መኪና የሚገባው አየር መጀመሪያ በአየር መለኪያው በኩል ያልፋል፤ ነዳጁም የሚመጠነው በዚያ ነው። ከስሮትሉ በኋላ ባለው፣ አየሩን ለሲሊንደሮቹ በሚያከፋፍለው ማኒፎልድ ውስጥ በሚኒሞ ጊዜ የአየር ግፊቱ በጣም ዝቅ ስለሚል፣ እዚያ ቀዳዳ ካለ ከውጭ ያልተለካ አየር ይሳባል። በሰከንድ ግማሽ ግራም ገባ እንበል። በሚኒሞ መለኪያው የሚያየው በሰከንድ 2.5 ግራም ከሆነ ስርቆቱ አንድ አምስተኛ ነው። ፈጣን መንገድ ላይ በሰከንድ 25 ግራም ሲያልፍ ግን ያው ግማሽ ግራም ከሃምሳ አንድ ነው፤ ማን ያየዋል? ነዳጅ ስትሰጠው ጸጥ የሚለው ለዚህ ነበር። የነዳጅ ፓምፕ ወይም የተደፈነ ኢንጀክተር ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይገለበጥ ነበር፤ ሞተሩ ብዙ ሲጠይቅ ነው እጥረቱ የሚብሰው።

ኮፈኑን ከፍተን ጆሮዬን አስጠጋሁ። ከአየር ፊልትሮው ሳጥን ጀርባ በጣም የቀጠነ «ስስስ» የሚል ድምፅ አለ። ከማኒፎልዱ ጋር የምትገናኝ የአውራ ጣት ውፍረት ያላት ጎማ ቱቦ ነበረች፤ ሳጥኑን ለማውጣት ገሸሽ መደረግ አለባት። ስትመለስ ግማሽ መንገድ ብቻ ገብታለች፤ የምትይዛት ፕላስቲክ ማቀፊያም ተሰብራለች። በጣቴ ገፋ አድርጌ ያዝኳት። ሞተሩ አንድ ጊዜ ተንገጫገጨ፣ ዙሩ ወረደ፣ ተመልሶ ቆመና ረጋ። ጎረቤቴ ከመሪው ኋላ ሆና «ቆመ! ምን አደረግከው?» ብላ ጮኸች። ቁጥሩ ጥቂት ደቂቃ ወስዶ 2 በመቶ ላይ አረፈ።

ሁሉም እንዲህ ቀላል አይሆንም። ድምፁ ካልተሰማ ጭስ የሚነፋ መሣሪያ ያለው ጋራዥ በመግቢያው ጭስ አስገብቶ ከየት እንደሚወጣ ያያል። መሳቱ የአንድ ሲሊንደር ብቻ ከሆነ ደግሞ ሞተሩን አጥፍቶ ለካንዴላው ብልጭታ የሚሰጠውን የዚያን ሲሊንደር ኮይል ከጎረቤቱ ጋር መቀያየር ነው፤ ፒ 0302 የነበረው ፒ 0303 ከሆነ ጥፋተኛው ኮይሉ ራሱ ነው፤ አንድ ሳንቲም ሳይወጣ ተረጋገጠ። መንቀጥቀጡ ነዳጅ በተሞላ ማግስት ከመጣ ውኃ የገባበትን ቤንዚን፣ ወይም የነዳጅ ትነት የሚያስገባውን ቫልቭ እጠረጥራለሁ። የነዳጅ ቀጂው እጀታ «ጠቅ» ብሎ ከቆመ በኋላ እየጨመሩ ማጨቅ ትነቱን የሚይዘውን የከሰል ጣሳ በፈሳሽ ያርሰዋል፤ ከዚያ ሚኒሞው ይበላሻል። አላርም ለማስገጠም ባትሪ ተነቅሎ ከሆነ ደግሞ በአንዳንድ መኪና ኮምፒዩተሩ የስሮትሉን የተማረውን አቀማመጥ ረስቶ እንደገና መማር ያስፈልገዋል።

አንድ ነገር ለአዲስ አበባ ሰው ልጨምር። የማኒፎልዱን ግፊት በጌጅ የሚለኩ ጎበዝ መካኒኮች አሉ፤ ጥሩ ዘዴ ነው። መጻሕፍቱ ግን ጤነኛ ሞተር በሚኒሞ ከ17 እስከ 22 ኢንች ሜርኩሪ ማሳየት አለበት የሚሉት በባሕር ጠለል ላይ ነው። በየ300 ሜትሩ ከፍታ አንድ ኢንች ያህል ይቀነሳል። 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ባለች ከተማ 12 ያሳየ ሞተር ፍጹም ጤነኛ ሊሆን ይችላል፤ ይህን የረሳ ሰው አዲስ ሞተር እስከ መፍታት ይደርሳል።

ቼክ ኢንጅን መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት ከጀመረ ግን ምርመራውን ትቶ መቆም ነው። ያልተቃጠለው ቤንዚን ካታሊስቱ ውስጥ ገብቶ እየነደደ ነው ማለት ነው፤ የውስጡ ሴራሚክ በጥቂት ኪሎ ሜትር ሊቀልጥ ይችላል።

ጎረቤቴ ቱቦዋን በጊዜያዊነት እንዳስርላት ፈልጋ ነበር። እኔ ግን መኪናዋ ዋስትና ላይ ስላለች ባለበት እንተወው አልኳት። ማቀፊያዋን ፎቶ አነሳን፤ ቀኑን፣ ኪሎ ሜትሩን፣ 18ንና 3ን፣ ቱቦዋ ስትያዝ የታየውን 2 በአንድ ወረቀት ጻፍን። ብልሽት ተመዝግቦ ቢሆን ኖሮ እንኳ አላጠፋውም ነበር፤ ከቁጥሩ ጋር በዚያች ቅጽበት የነበረው ሙቀት፣ ዙርና ጭነት አብሮ ስለሚቀመጥ ማጥፋት ማስረጃ ማቃጠል ነው። ሰኞ ጠዋት ሰርቪስ ወዳደረገላት ቦታ ሄደች። ተቀባዩ «ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው እኮ» ብሎ ሲጀምር ወረቀቱን ሰጠችው። ሁለት ጊዜ አነበበው፤ ከዚያ ቁልፏን ተቀብሎ ኮፈኑን ከፈተ።